ነፋስ ሲነሣ መስኮትና ጣሪያችንን ስለ ማዳን

በሱሉልታ በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።



 አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የምንሰበሰበው ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጥበቃ ለመነጋገር ነው። የዛሬው አጀንዳችን ግን ነፋስ ነው። «ነፋስን ደግሞ በስብሰባ ማን አቆመው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አናቆመውም። ቤታችንን ይዞብን እንዳይሄድ ግን ማድረግ የምንችለው ነገር አለ። እስቲ ታግሣችሁ አድምጡን።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጥል ቀድሞ የመጣው ነፋስ ከታች መንደር የአንዲት እናታችንን ጣሪያ ገልጦ እንደ ወሰደው ሁላችንም እናስታውሳለን። እኒህ እናት ከአንድ የልጅ ልጃቸው ጋር ብቻ ነው የሚኖሩት። በማግሥቱ ሄደን ስንጠይቃቸው የነገሩንን ልብ በሉልን። መጀመሪያ የሄደው ጣሪያው አይደለም፣ መስኮቱ ነው። መስታወቱ ተሰበረ፤ ነፋሱ ገባ፤ ቤቱ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ኮርኒሱ ይንጫጫ ጀመር። እሳቸው በሩን በጀርባቸው ደግፈው ሳለ ቆርቆሮው ከነማገሩ ተነቅሎ ሄደ። ከቆርቆሮዎቹ አንዱ የወደቀው ጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ላይ ነው። ልጆቹን ያተረፋቸው ነጎድጓድ ፈርተው ቤት መግባታቸው ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ጣሪያውን ቢያንስ በሸራ እንሸፍን ብለን መሰላል ፈለግን። ማኅበሩ መሰላል የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ «መሰላል ይገዛል» ብለን በቃለ ጉባኤ ስንጽፍ ኖረን አልገዛንም። እናታችንና ልጁ ሌሊቱን ጎረቤት አደሩ፤ እህላቸውና አልጋቸው ግን ሲዘንብበት አደረ። ጥፋቱ የኛ የኮሚቴው ነው። ይህን ሳንናገር ሌላውን ብንመክር አያምርብንም።

ያን ሰሞን ታዲያ በአሜሪካን አገር ሂውስተን ከተማ ከሚኖሩት የሰፈራችን ልጆች አንዱ ለወላጆቹ ደውሎ ነገሩን ሲሰማ፣ «እኛ እዚህ ሄሪኬን ይመጣል ሲባል መስኮቱን በኮምፔርሳቶ ነው የምንዘጋው፤ እናንተስ ለምን አታደርጉም?» አለ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። ኮሚቴው ተወያየበት፤ የሰፈራችንን አናጢዎችም ጠየቅን። የደረስንበትን እንነግራችኋለን።

ሄሪኬን የሚባለው ከሞቃት ውቅያኖስ ላይ ኃይሉን እየጠጣ የሚያድግ፣ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ጀምሮ የሚነፍስ ታላቅ አውሎ ነፋስ ነው። የብስ ላይ ሲወጣ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ ደጋ ድረስ አይደርስም። ለአገራችን ከቀረቡት የዚህ ዓይነት ነፋሶች አንዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድን የመታው «ሳጋር» ነው፤ የሱም ዝናብ የሶማሌ ክልላችንን ነክቷል። ሂውስተንን ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «ቤሪል» የሚባለው ሄሪኬን መትቷታል። የነሱ ነፋስ ከባድ ነው፣ ግን አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ መምጣቱ በሳተላይት ታይቶ ከቀናት በፊት ይነገራል። ሰው ገበያ ወጥቶ ኮምፔርሳቶ ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ መትቶ ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል።

የኛ ነፋስ እንዲህ አያደርግም። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል፤ ከደመናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ከዝናብና ከበረዶ ጋር ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል። አቧራውን አስነሥቶ ዝናቡን ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ነው። ከመጣ በኋላ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከመምጣቱ በፊትም የሚሰጠን ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። በሱሉልታ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ የሚያግደው የለም። በቡራዩ ዳገትና በሰበታ በወጨጫ ሥር ያሉ ዘመዶቻችንም የበልጉን መግቢያና የሰኔን መባቻ እንደኛው በሥጋት ነው የሚጠብቁት።

እንግዲህ የሂውስተኑ ልጅ ምክር ቁም ነገሩ ትክክል ነው፤ አደራረጉ ግን ለኛ መለወጥ አለበት። ነፋስ ሲነሣ ኮምፔርሳቶ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ ነው የሚመስለው። የኛ ኮምፔርሳቶ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ፣ በማጠፊያ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ መጠበቅ አለበት።

መስኮትና ጣሪያ ምን ያገናኛቸዋል?

ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንደኛ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቢሆንም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ9 ኪሎ ያህል ክብደት ይገፋዋል። ፍጥነቱ 100 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ግፊቱ 37 ኪሎ ያህል ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር የቤታችን ቆርቆሮ ግን ቢመዘን ከ4 ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ጣሪያችንን ይዞልን ያለው ምስማሩ ነው።

ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል። መስኮቱ ደህና ከሆነ ምስማሩ የሚታገለው ከዚህ ስበት ጋር ብቻ ነው። መስኮቱ ከተሰበረ ግን የገባው ነፋስ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ የሚስብ፣ ከታች የሚገፋ፣ ሁለቱ ይተባበሩበታል። እናታችን «ቤቱ ተነፋ» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነው። መስኮት የምንዘጋው ለመስታወቱ ዋጋ ብለን ብቻ አይደለም፤ ጣሪያውን ለማትረፍ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ልማዶችን እናንሣ። «ነፋሱ አልፎ እንዲሄድ የማዶውን መስኮት ክፈተው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሚከፈት መስኮት ሁሉ ለነፋስ በር ነው። መስታወቱ ላይ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ መለጠፍም ከመሰበር አያድነውም።

ሌላም አለ። በሱሉልታም፣ በቡራዩም፣ በሰበታም ቤት ቀስ በቀስ ነው የሚሠራው። ብሎኬቱ ይቆማል፣ ቆርቆሮው ይለብሳል፣ መስኮቱ ገንዘብ እስኪገኝ በላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲክ ብርድ ይከለክላል እንጂ ነፋስ አያቆምም። በላስቲክ የተሸፈነ መስኮት እንደ ተሰበረ መስኮት ነው የሚቆጠረው። ኮምፔርሳቶ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ነው።

የቱን ኮምፔርሳቶ እንምረጥ?

ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ልጣጮች አንዱ ባንዱ ላይ በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። የአንዱ ልጣጭ ጭረት በቁመት ከሄደ የሚቀጥለው በአግድም ይሄዳል፤ ጥንካሬው ከዚህ የመጣ ነው። ለኮርኒስ የሚገዛው ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሚሊ ለመስኮት አይሆንም፤ በረዶም ነፋስም ይበሳዋል። በአሜሪካን አገር የሚሠራበት የቤት ግንባታ ደንብ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 11 ሚሊ ያህል ውፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ለኛ ባለ 12 ሚሊ ይበቃል፤ ሰፊ መስኮት ያለው ባለ 18 ቢገዛ አይጎዳም። ሙሉው ኮምፔርሳቶ ብዙውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ባለ 12 ሚሊው ወደ 20 ኪሎ፣ ባለ 18ቱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለመስቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ችፑድና ኤምዲኤፍ እንዳትገዙ አደራ እንላለን። ከኮምፔርሳቶ ሊረክሱ ይችላሉ፤ ግን ውሃ ሲጠጡ እንደ ዳቦ ያብጣሉ፣ ቪቴውንም ይለቁታል። ውስጥ ለሚቀመጥ ቁም ሣጥን እንጂ ለውጭ አይሆኑም።

ኮምፔርሳቶም ቢሆን ሙጫው ውሃ የማይፈታው መሆን አለበት። ሻጩ ሁሉ «ውሃ አይነካውም» ይላል። ቁራጭ ለምናችሁ ቤት ወስዳችሁ ለጥቂት ሰዓት በፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ልጣጩ ከተላቀቀ ለመስኮት አይሆንም። ጠርዙንም እዩ፤ በልጣጮቹ መካከል ክፍተት ካለ ተዉት።

ገንዘብ ለሚያጥረን አንድ ጥሩ መላ አለ። ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ለኮንክሪት መሙያ የሚያገለግለው፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጨው ኮምፔርሳቶ ውሃን በደንብ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ አሮጌው ይሸጣል። የጠነከረውን መርጦ፣ ሲሚንቶውን ፍቆ፣ የተበላውን ጠርዝ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል።

አቆራረጡን በሚመለከት፣ ሰሌዳው ከመስኮቱ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ይለፍ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መስኮት 1.20 በ1.20 ሰሌዳ ይፈልጋል ማለት ነው። ከአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ እንዲህ ያለ ሁለት ይወጣል። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ቢገዛ ወጪው እኩሌታ ይሆንለታል።

ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱንም ፊት፣ በተለይም ጠርዙን፣ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው።

እንዴት እንስቀለው?

ሰሌዳው የሚሰቀለው ከውጭ በኩል ነው። ነፋሱ ሲመጣ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ነገር ግን ነፋስ ከዚያኛው ወገን ሲነፍስ በዚህኛው ወገን ያለውን ሰሌዳ ወደ ውጭ ይስበዋል። ስለዚህ ማጠፊያው በምስማር ሳይሆን በቪቴ ወይም በብሎን ይታሰር። መስታወቱን እንዳይነካም ልብ በሉ። ኮምፔርሳቶ ሲገፋ ይጎብጣል፤ በእሱና በመስታወቱ መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ከሌለ ራሱ መስታወቱን ይሰብረዋል። በመስኮቱ ዙሪያ ሞራሌ መትቶ በሱ ላይ መስቀል ይህን ክፍተት ይሰጣል።

ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ጭቃው ቪቴ አይዝም። ሞራሌውን ከመቃኑ ወይም በጭቃው ውስጥ ካለው ቋሚ እንጨት ጋር እሰሩ። ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ ተበስቶ በፊሸር ይታሰር፤ በየ30 ሳንቲሜትሩ አንድ ቢሆን ይበቃል።

መወርወሪያው ከላይና ከታች ሁለት ይሁን፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ይፈታል። መስኮታችሁ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ መወርወሪያውን ከውስጥ ሆናችሁ መዝጋት ትችላላችሁ። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ግን ከውጭ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ነፋሱን አትጠብቁ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ሲጠቁርና ድንገት ብርድ ያለው ንፋስ ፊታችሁን ሲነካ፣ ልብስ ከማስገባታችሁ በፊት መስኮቱን ዝጉ። ልብስ ይታጠባል።

ጣሪያውንስ?

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እውነቱን እንነግራችኋለን፤ መጀመሪያ ምስማሩን አጠንክሩ። ብዙዎቻችን ቤቱን የሠራነው በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ስለዚህ በየዓመቱ በበጋ ጣሪያው ይታይ። የላላው ምስማር ተነቅሎ ረዘም ባለ፣ ጎማና ኮፍያ ባለው የቆርቆሮ ምስማር ይተካ። የሚመታው ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ከሸለቆው ላይ ከተመታ ያፈሳል። ነፋስ የሚጀምረው ከክፈፍና ከጫፍ ስለሆነ በጫፎቹ ዙሪያ ምስማሩን አብዙት፤ መካከሉ ሳሳ ቢል ግድ የለም።

ቆርቆሮ ስትገዙም የጌጁን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 ይሳሳል። ስስ ቆርቆሮ ምስማሩ ቢይዘው እንኳ በምስማሩ ዙሪያ ተቀዶ ይሄዳል።

ምስማሩ ቆርቆሮውን ከማገሩ ጋር ብቻ ነው የሚያያይዘው። ማገሩ ከሚሸከመው እንጨት፣ ያም እንጨት ከግድግዳው ቋሚ ጋር ካልታሰረ ጣሪያው እንዳለ ይነሣል፤ የእናታችንም የሄደው ከነማገሩ ነው። ጥቁር ሽቦ ደርባችሁ፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

ጣሪያ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫን ልማድ ሆኖብናል። ድንጋዩ ጣሪያውን አይዘውም፤ ቆርቆሮው ሲነሣ ድንጋዩ ሰው ላይ ይወርዳል። እባካችሁ አውርዱት።

መጠንቀቅ ያለብን ነገር

መስኮቱ በሰሌዳ ሲዘጋ ቤቱ ይታፈናል። እኛ ደግሞ ብርድ ስለሚበዛብን ከሰል አቀጣጥለን ቤት ማስገባት እንወዳለን። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይሸት፣ ሳይታይ ይገድላል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ሰሌዳው ከተዘጋ ከሰል አይግባ፤ ነፋሱ ሲያልፍም ወዲያው ክፈቱት። በእሳት ጊዜ መውጫ የሚሆን አንድ መስኮት ወይም በር ሁልጊዜ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ይሁን። ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያየ ሰው አይቅረብ፣ ልጆችንም ያርቅ።

ስለ ወደፊቱ ሥራችን

አሁን ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱን ረስተነዋል። ጊዜው ይኸው ነው። በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

አንደኛ፣ መሰላሉ ተገዝቷል። በጸሐፊው ቤት ይገኛል፤ የሚፈልግ ፈርሞ ይወስዳል፣ በማግሥቱ ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ምስማርና ጥቁር ሽቦ በጋራ ለመግዛት የሚፈልጉ ነዋሪዎች የመስኮታቸውን ቁመትና ወርድ ለክተው እስከ ጥር መጨረሻ ለጸሐፊው ያስመዝግቡ።

ሦስተኛ፣ በየካቲት ወር እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወጣቶችና አናጢዎች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ሕፃናት ይዘው ለብቻቸው የሚያሳድጉ እናቶችን ቤት በነፃ ይሠራሉ። ተከራይ የሆናችሁም አትፈሩ፤ አከራያችሁን ከኮሚቴው ጋር ሆነን እናነጋግራለን። ጣሪያው የሱ ነው፣ ነፍሱ ግን የናንተ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የአንዱ ቆርቆሮ ከተነሣ የሚያርፈው በሌላው ግቢ ስለሆነ፣ «የኔ ቤት ደህና ነው» ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

የታች መንደር እናታችን ጣሪያቸው በጎረቤት ርብርብ ተመልሷል። መስኮታቸው ግን እስከ ዛሬ በላስቲክ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ሥራችን እዚያ ይጀመራል። መዶሻ ያላችሁ መዶሻችሁን፣ የሌላችሁ እጃችሁን ይዛችሁ በስምንት ሰዓት እንድትገኙ በትሕትና እናሳስባለን።

 በጋውንም ክረምቱንም በሰላም ያውለን።

የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ